ኢናላፕሪል እና የማይለቅ ሳል

ለደም ግፊት የሚታዘዘውን ኢናላፕሪል ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ጉሮሮን እየኮረኮረ የሚመጣ ደረቅ ሳል አለ። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ጉንፋንም አልቀደመውም። ቀን ሥራ ላይ ሲሆኑ ይረሳል፤ ማታ ጋደም ሲሉ ይነሳል። ዝንጅብል ይፈላለታል፣ ማር በሎሚ ይጠጣለታል፣ ሽሮፕ ይገዛለታል፣ ሲብስ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። የሚያስለው ጠዋት ጠዋት የሚዋጠው የግፊት ኪኒን ነዋ።

ስለ ግፊት መድኃኒት ሲወራ ሰው የሚፈራው ሌላ ሌላውን ነው፤ «ኩላሊት ይጨርሳል»፣ «አንዴ ከጀመሩት መውጫ የለውም» ይባላል። በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚንገላታው በዚህ አይደለም። የሚያንገላታው የጎንዮሽ ጉዳቱ የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑ ሳይታወቅ እንደ አዲስ በሽታ ሲታከም ነው። ሳሉ የሳል መድኃኒት ያስገዛል፣ ሌላ የግፊት ኪኒን የሚያመጣው የእግር እብጠት የሽንት መድኃኒት ያስጨምራል፣ ያ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። በመጨረሻ ሰውየው በአንድ ኪኒን የጀመረውን ሕክምና በአራት ይቀጥላል፤ ወይም ሁሉንም ሰልችቶት ይተወዋል።

ፋርማሲ ቆሞ የሚውል ሰው እንዲህ ያለውን ንግግር ያውቀዋል። አንዲት እናት በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እያሳሉ ይገባሉ።

«የሳል ሽሮፕ ስጠኝ ልጄ፤ ያለፈው አልሠራልኝም።»

«አክታ አለው እናቴ?»

«ኧረ ምንም የለው። እዚህ ጋ እየበላኝ ነው የሚያስለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቅሰኝ ያድራል።»

«የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«የግፊት፣ የስኳር የሚባልስ?»

«እሱማ የዘወትሬ ነው። የግፊቷን እውጣለሁ።»

የዘወትር ኪኒን በብዙ ቤት እንደ መድኃኒት አይቆጠርም። መድኃኒት የሚባለው ሲያም የሚወሰደው፣ ሲሻል የሚተወው ነው። ስለዚህ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ያመጣል፤ በስም ተጠርቶ መጠየቅ አለበት። ታካሚም ለሳል ብሎ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የግፊት ኪኒኑን ማሸጊያ በቦርሳው ይዞ ቢሄድ ብዙ ምርመራና ብዙ ብር ያተርፋል።

ሳሉ ከየት ይመጣል? ኢናላፕሪል የሚሠራው ኤሲኢ የሚባለውን ኢንዛይም በማገድ ነው። ይህ ኢንዛይም ሁለት ሥራ ደርቦ እንደያዘ ሠራተኛ ነው። አንደኛው ሥራው አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለውን ንጥረ ነገር ማዘጋጀት ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር የደም ሥርን ያጠባል፣ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ በዚህም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ሥራው ብራዲካይኒን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገርን እየሰባበረ ማስወገድ ነው። ኢናላፕሪል ሠራተኛውን ሲያስቆመው ሁለቱም ሥራ ይቆማል። የመጀመሪያው መቆሙ የምንፈልገው ነው፤ ግፊቱ ይወርዳል። ሁለተኛው ሲቆም ብራዲካይኒን በአየር ቧንቧ አካባቢ ይጠራቀምና ሳል የሚቀሰቅሱትን ነርቮች ይነካካል። ጉሮሮ ይበላል፤ ሰው ያስላል። ሳንባው አልታመመም፤ ሽሮፑም አንቲባዮቲኩም የሚሠራበት ነገር አላገኘም።

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ከዚህ ብራዲካይኒን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1949 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ማውሪሲዮ ሮቻ ኢ ሲልቫ እና ባልደረቦቹ ጃራራካ የተባለውን የአገራቸውን እባብ መርዝ ከደም ጋር ሲቀላቅሉ ጡንቻን ቀስ ብሎ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር አገኙ፤ ብራዲካይኒን ያሉት እሱን ነው። በ1960ዎቹ ሌላው ብራዚላዊ ሰርጂዮ ፌሬራ በዚያው መርዝ ውስጥ የብራዲካይኒንን ኃይል የሚያጎላ ነገር መኖሩን አሳየ። መርዙ ይህን የሚያደርገው ብራዲካይኒንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም በማገድ ነበር። በአሜሪካ ስኩዊብ ኩባንያ ውስጥ ኩሽማንና ኦንዴቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ተከትለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሠሩ፤ ካፕቶፕሪል። በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል በ1985 ተከተለ። እንግዲህ ሳሉ ከመድኃኒቱ ሥራ ውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከመነሻው አብሮት የነበረ ነው።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ መጠኑን ከ10 ወደ 5 ሚሊ ግራም ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ሳሉን አያጠፋውም። ሁለተኛ፣ ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቅ መድኃኒቶች ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፦ ካፕቶፕሪል፣ ኢናላፕሪል፣ ሊዚኖፕሪል፣ ራሚፕሪል፣ ፔሪንዶፕሪል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ሳሉን ይዞ መሻገር ነው።

ስንት ሰው ያስለዋል? ጥናቶቹ ይለያያሉ፤ በአብዛኛው የሚጠቀሰው ከ100 ሰው ከ5 እስከ 20 ያህሉ ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል። በጀመሩ በቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ወራትም ሊቆይ ይችላል፤ ይህ መዘግየቱ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ስድስት ወር በሰላም የዋጡትን ኪኒን ማን ይጠረጥራል? ሳሉ ሳንባን አያበላሽም። ግን እንቅልፍ የሚነሳ፣ ጎን የሚያሳምም፣ ቅዳሴ ላይ ወይም ስብሰባ ላይ የሚያሳፍር ነገር «ቀላል» ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በተለይ የወለዱ ሴቶች ሲያስላቸው ሽንት ያመልጣቸውና ለማንም ሳይናገሩ ኪኒኑን ይተዉታል። በሐኪሙ ካርድ ላይ የሚጻፈው «መድኃኒቱን በትክክል አይወስዱም» ብቻ ይሆናል።

ነገሩን ወደ ሌላው ጫፍ መግፋትም አደገኛ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰውም ቲቢ ይይዘዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ፣ በተለይ ማታ ማታ የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ትኩሳት ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ ያለው ከሆነ፣ «ከኪኒኑ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ የለም፤ መመርመር ነው። ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥር፣ ትራስ ደራርበው ካልሆነ የማያስተኛ፣ እግር ከሚያሳብጥ ድካም ጋር የመጣ ሳል ደግሞ የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ያለውን ሰው ኢናላፕሪል እንዲተው መምከር ጭራሽ የሚጠቅመውን መንጠቅ ነው፤ መድኃኒቱ ለልብ ድካምም ይታዘዛልና።

ሳሉ ከኪኒኑ መሆኑ የሚረጋገጠው ኪኒኑ ሲቆም ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ላይ እስከ ሦስት ወር ሊጎተት ይችላል። መድኃኒት ከተቀየረ በሦስተኛው ቀን «አሁንም ያስለኛል፣ ይሄም አልሆነኝም» ማለት እንግዲህ መቸኮል ነው። ሲቆም ግን ግፊቱ ያለ ጠባቂ መቅረት የለበትም፤ በዚያው ቀን ምትክ መጀመር አለበት፤ ምትክ ሞልቷል።

ቅርቡ ምትክ ሎሳርታን ነው። ስማቸው በ«ሳርታን» የሚያልቀው መድኃኒቶች ኢንዛይሙን አይነኩትም፤ አንጂዮቴንሲን ሁለት ሄዶ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ይዘጉበታል። ብራዲካይኒን እንደ ወትሮው ስለሚሰባበር ሳሉ አይመጣም፤ ቢመጣም መድኃኒት ካልወሰደ ሰው እምብዛም በተለየ አይደለም። ስኳር ኖሮበት ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ለሚታይ ሰው፣ ወይም የልብ ድካም ላለበት፣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ወደዚህ የሚያዞሩት ኢናላፕሪል ለኩላሊትና ለልብ ይሰጥ የነበረውን ጥቅም እንዳያጣ ነው። ሎሳርታን ከኢናላፕሪል ጋር ተደርቦ ግን አይወሰድም። ሁለቱን በአንድ ላይ መዋጥ የሚጨምረው ጥቅም ሳይሆን የኩላሊትና የፖታሲየም ችግር ነው።

ግፊት ብቻ ላለበት ሰው ሌላው መንገድ አምሎዲፒን ነው። ጥቁር ሕዝቦች ላይ የ«ፕሪል» መድኃኒቶች ብቻቸውን ሲሰጡ ግፊት የማውረድ ኃይላቸው እንደሚያንስ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመውና ክሪዎል የተባለው ጥናት ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ካሜሩን፣ ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ728 ሰዎች ላይ ሦስት ዓይነት ጥምረቶችን አወዳድሮ ነበር። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥምረቶች፣ ፔሪንዶፕሪልና የሽንት መድኃኒት ብቻ ካሉበት ሦስተኛው የበለጠ ግፊት አውርደዋል። ኢትዮጵያ በጥናቱ አልተካተተችም፤ ሆኖም ለእኛ ሰው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጥናቶች የሚቀርበው ይህ ነው።

አምሎዲፒንም ያለ ነገር አልመጣም። የእሱ ቁርጭምጭሚት ማሳበጥ ነው። ማታ ካልሲ ሲወልቅ ላስቲኩ ቀለበት ሠርቶ ይታያል፣ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠባል፣ ጣት ሲጫኑት ጉድጓድ ይቀራል፣ ጠዋት ጎደል ይላል። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንደሰፈረው፣ በቀን 5 ሚሊ ግራም ከወሰዱ 100 ሰዎች 3 ያህሉ፣ 10 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ደግሞ 11 ያህሉ ያብጣቸዋል፤ ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ። ብዙ ሰው እግሩ ሲያብጥ «ኩላሊቴ አለቀ» ብሎ ይደነግጣል። እብጠቱ ግን ውኃ በሰውነት ስለበዛ የመጣ አይደለም። መድኃኒቱ ደም የሚያመጡትን ትንንሽ ሥሮች ይከፍታል፤ ደም የሚመልሱትን ግን በዚያው ልክ አይከፍትም። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው ሲጠብ ፈሳሹ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ፉሮሰማይድ፣ ማለትም ብዙ ሰው ላሲክስ ብሎ የሚያውቀው የሽንት መድኃኒት፣ ለዚህ እብጠት ብዙም የማይፈይደው ለዚህ ነው። ሽንት ያበዛል፣ ፖታሲየም ያሳጣል፣ ያደክማል፤ እብጠቱ ግን ባለበት ይቆያል። የሚሠራው መጠኑን ወደ 5 ሚሊ ግራም መመለስ፣ ወይም የ«ሳርታን» መድኃኒት መጨመር ነው፤ ሳርታን የመመለሻውን ሥር ስለሚከፍት እብጠቱን ይቀንሰዋል። በአንድ እግር ብቻ የመጣ፣ የሚያም፣ የሚያቃጥል እብጠት ግን የአምሎዲፒን ጠባይ አይደለም፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት አለበት።

ወደ ኢናላፕሪል ልመለስ፤ ከሳሉ የሚበልጥ አንድ አደጋ አለውና። ብርቅ ነው፣ ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ሲመጣ ግን ፋታ አይሰጥም። ከንፈር፣ ምላስ፣ ፊት ወይም ጉሮሮ በድንገት ያብጣል። ማሳከክና ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የሚመጣው በዚያው በብራዲካይኒን ምክንያት ስለሆነ የተለመደው የአለርጂ መርፌ ላይበግረው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ጥቁሮች ላይ በብዙ እጥፍ እንደሚበዛ ያሳያሉ። መድኃኒቱን ለዓመታት ያለ ችግር የወሰደ ሰው ላይም አንድ ቀን ብቅ ሊል ይችላል። ከንፈሩ ያበጠ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። አንዴ የደረሰበት ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የትኛውንም «ፕሪል» መንካት የለበትም። ይህን ካርዱ ላይ በትልቁ ማስጻፍ፣ ለቤተሰብም መንገር ይገባል።

እርግዝና ሌላው ቁርጥ ያለ ክልከላ ነው። ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትናገር፤ ሳታስበው ያረገዘችም በዚያው ሳምንት ትናገር። ለነፍሰ ጡር የሚሆኑ ሜቲልዶፓን፣ ኒፈዲፒንን የመሰሉ መድኃኒቶች አሉ።

ኩላሊትን በተመለከተ ደግሞ ወሬው እውነቱን ገልብጦታል። ኩላሊት የሚጨርሰው ያልታከመ ግፊት ነው። ኢናላፕሪል ሲጀመር ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ እስከ 30 በመቶ ያለው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን አያስቆምም። ለዚህ ነው ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ክሬቲኒንና ፖታሲየም መታየት ያለባቸው። በእኛ አገር ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሐኪሙ ባያዝዘው ታካሚው ቢጠይቅ ነውር የለውም። እውነተኛው የኩላሊት አደጋ የሚመጣው ከጎን ከሚጨመረው ነው። ወገቤን ቆረጠኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከኢናላፕሪልና ከሽንት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን በጥቂት ቀናት ሊጥል ይችላል፤ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ተቅማጥና ትውከት ሲበረታም፣ ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ጾም ሲጾምም ሰውነት ይደርቃልና ኢናላፕሪሉን ለዚያ ሰሞን ማቆየት ያስፈልግ እንደሆን ሐኪም ይጠየቃል። ለመደበኛው ጾም ግን ችግር የለም፤ ኢናላፕሪልም አምሎዲፒንም ከምግብ ጋር ወይም ያለ ምግብ ሊወሰዱ ስለሚችሉ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ማታ ማዞር ይቻላል።

የቀሩትን የግፊት መድኃኒቶች ባጭሩ ልለፋቸው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያመላልስ ጠዋት ይወሰዳል፤ ፖታሲየምና ሶዲየም ሊያሳንስ፣ ሪህ ሊቀሰቅስ ይችላል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል እጅና እግር ያቀዘቅዛሉ፣ ያደክማሉ፣ አስም ላለበት ሰው ጠንቀኞች ናቸው፤ ከሁሉ በላይ በአንድ ቀን አይቆሙም፤ በድንገት ሲተዋቸው ልብ ያለ ልክ መምታት ይጀምራል፣ የልብ ሕመም ያለበትንም ሊጥለው ይችላል። ነጭ ሽንኩርቱና ሽፈራው በምግብ መልክ አብዛኛውን ሰው አይጎዱም፤ ኪኒኑን ይተካሉ የሚለውን ግን አልቀበለውም።

ኪኒኑን በራስ ሥልጣን ማቆም የሚያታልለው ምንም ስለማይሰማ ነው። ሳሉ ጠፋ፣ እግሩ ጎደለ፣ ሰውየው «ተሻለኝ» ይላል። ግፊት 180 ሲገባም ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲኬድ «አልተስማማኝም» ከሚል ይልቅ «ኢናላፕሪል በግንቦት ጀመርኩ፣ ሳሉ በሐምሌ መጣ፣ አክታ የለውም፣ ማታ ይብሳል» ማለት ሥራውን ግማሽ ይጨርሳል። ቤት ውስጥ የተለካ ግፊት ካለ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይያዝ።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። አሜሪካ ያለ ልጅ ለእናቱ ሊዚኖፕሪል በሻንጣ ይልካል፤ እናት ከጤና ጣቢያ ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ስሙም ቀለሙም ስለሚለያይ ሁለቱን አብረው ይውጣሉ፤ ያው አንዱን መድኃኒት እጥፍ አድርገው መውሰዳቸው ነው። አብሮ የሚላከው «ለግፊት የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ሶዲየሙ በፖታሲየም የተተካ ነው፤ ከኢናላፕሪል ወይም ከሎሳርታን ጋር ሲገናኝ ፖታሲየምን ልብ እስኪያዛባ ድረስ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የተላከውን ሁሉ ከመጀመር በፊት ከአገር ቤቱ ኪኒን ጋር አንድ ላይ ይዞ ፋርማሲስት ፊት ማስቀመጥ ነው። በሳል ምክንያት የተቀየረ ኢናላፕሪል ከተረፈም ለጎረቤት አይሰጥም፤ ጎረቤት ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች።